ልጄን መለካት ላስተማሯት እናት ምስጋና

ባለፈው ወር ልጄን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ይዣት ስወርድ፣ ጋቢና ውስጥ ባዶ ሃይላንድ ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። ክዳኑን ፒያሳ ላይ ጥርቅም አድርጋ ዘግታዋለች። "ጣይው እንጂ" አልኳት። "አይሆንም አባዬ፣ ሙከራ ላይ ነው" አለችኝ። የሀረጎን ቁልቁለት ጨርሰን ኮምቦልቻ ስንገባ፣ ማንም ሳይነካው የጠርሙሱ ጎን ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ሰው ጨብጦ የለቀቀው ይመስላል። እኔ በዚህ መንገድ ላይ ሃያ ዓመት ነድቻለሁ። የተጨማደደ ሃይላንድ ከመቀመጫ ስር ስንት ጊዜ ለቅሜ እንደጣልኩ አላስታውስም። ለምን ተጨማደደ ብዬ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ይህን የምጽፈው ያን ጥያቄ ልጄ አፍ ውስጥ ያስቀመጡትን እናት በአደባባይ ለማመስገንና ለደሴና ለኮምቦልቻ ወላጆች ለመጠቆም ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ አጥብቀው ነግረውኛል፤ "ደጄ ሰልፍ እንዲቆምበት አልፈልግም" ነው ያሉት። ልጆቹ "እትዬ" ይሏቸዋል፣ እኔም ከልጆቹ ተምሬ እንደዚያው እላቸዋለሁ።

እትዬ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ለረጅም ዓመታት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። አሁን ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ፣ ከቤታቸው ጎን ባለች የቆርቆሮ ክፍል፣ የተቃጠለ የወፍጮና የውሃ መሳቢያ ሞተር ሽቦ እንደገና ይጠቀልላሉ። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ደግሞ ከ7ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ያሉ ልጆችን ሳይንስና ምህንድስና ያስተምራሉ። እኔ የደረስኩባቸው የጓደኛዬን የወፍጮ ሞተር ጭኜ ሄጄ ነው። በሩ አጠገብ አሥር ቦርሳ ተደርድሯል፤ ውስጥ አሥር ልጆች አንድ የተቃጠለ ካውያ ከበው በጸጥታ ይፈቱታል። የእኔ ልጅ ያን ያህል ዝም ስትል ያየኋት ተኝታ ብቻ ነው።

ከዚያ በፊት የነበረውን ልንገራችሁ። ልጄ 9ኛ ክፍል ስትገባ ፊዚክስ ጠላች። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ የግፊትን ትርጉም ስጠይቃት በእንግሊዝኛ እንደ መንዙማ ታወርደዋለች። "በአማርኛ ምን ማለት ነው?" ስላት ዝም። ገንዘብ ከፍዬ አንድ ማጠናከሪያ ቦታ አስገባኋት። እዚያ የሚሰጠው ያለፉ ዓመታት ፈተና ከነመልሱ ተባዝቶ ነበር። ሦስት ወር ከፍዬ ያተረፍኩት አንድ ክምር ወረቀት ነው፤ ባለቤቴ እሳት ታያይዝበታለች።

እትዬ መጀመሪያ ያስለኳቸው የፈላ ውሃ ነው። ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል ሲሏቸው ሁሉም በአንድ ድምፅ 100 አሉ። መለኪያውን ሰጥተው አስፈሏቸው፤ 92 አካባቢ ቆመ። አንዱ ልጅ መለኪያው ተበላሽቷል አለ። ሌላ መለኪያ ሰጧቸው፤ እሱም እዚያው ቆመ። እሳቱን ጨመሩ፤ ውሃው መንተክተኩን አባሰ እንጂ ዲግሪው ንቅንቅ አላለም። እትዬ መልሱን አልነገሯቸውም። በሚቀጥለው እሁድ ያንኑ መለኪያና ያንኑ ድስት አስይዘው ኮምቦልቻ አወረዷቸው፤ እዚያ ወደ 94 ወጣ። ማብራሪያው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፦ ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ያህል ከፍ ይላሉ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በላያችን ያለው አየር ይቀንሳል፤ ውሃውን የሚጫነው ሲቀንስ ደግሞ ውሃው ቀድሞ ይፈላል። በግርድፉ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል።

ይህ ነገር በእኛ ቤት የቆየ ጠብ ፈታ። ባለቤቴ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ተድራ ደሴ ስትመጣ ባቄላውና ሽምብራው አልበስል እያላት ከእናቴ ጋር ለዓመታት ተነታርካለች፤ እናቴ ነገሩን ሁሉ በእሳት አያያዝ ታሳብባለች። ልጄ ሁለቱን ቁጥሮች ደብተሯ ላይ ጽፋ አያቷ ፊት አስቀመጠችና ጥፋቱ የእናቷ ሳይሆን የደሴ መሆኑን አስረዳች። እናቴ ጥቂት አሰበችና "ታዲያ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጫኑበት" አለች። እትዬ ይህን ሲሰሙ በጣም ሳቁ፤ የሚቀጥለውን ቅዳሜ ትምህርትም ከእናቴ ድንጋይ ጀመሩት። በእንፋሎት ግፊት የሚያበስለው ድስት ያንኑ ነገር አጥብቆ ይሠራል፦ እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፣ ውሃውም ከ100 በላይ ሞቆ ያበስላል።

ሃይላንዱም የዚያ ትምህርት ተከታይ ነው። ደሴ ላይ የተዘጋበት አየር ስስ ነው፤ ኮምቦልቻ ሲደርስ የውጭው አየር ስለሚበረታ ይጨምቀዋል። አንድ ልጅ ግን "ኮምቦልቻ ይሞቃል፤ አየር ሲሞቅ ደግሞ ይለጠጣል፤ ታዲያ ለምን አላበጠም?" ብሎ ተነሣ። እኔ ብሆን ኖሮ ዝም በል እለው ነበር። እትዬ እሱኑ አስነሥተው ሰሌዳው ላይ አስሠሩት። አሥር ዲግሪ ሙቀት ቢጨምር የታፈነውን አየር በ100 እጅ 3 ያህል ያሰፋዋል፤ የግፊቱ ልዩነት ግን በ100 እጅ ወደ 7 ያጠብበዋል። ሁለቱም እውነት ነው፣ አንዱ ግን በለጠ። የፓስካልን ታሪክ ያወሩላቸውም በዚያው ቀን ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1648 ብሌዝ ፓስካል የእህቱን ባል ሜርኩሪ የያዘ የመስታወት ቱቦ አስይዞ ፈረንሳይ ውስጥ ፒዩ ደ ዶም ወደሚባል ተራራ ላከው፤ ሰውየው ጫፉ ላይ ሲደርስ ሜርኩሪው ዝቅ ብሎ አገኘው። ልጄ በደብተሯ የግፊት መለኪያ አድርጋ ስትጽፈው የኖረችው ፓስካል የሰው ስም መሆኑን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ተራራውን "የፈረንሳይ ጦሳ" ትለዋለች።

እኔን የነካኝ ግን የፍሬኑ ሒሳብ ነው። እትዬ ሹፌር መሆኔን ስላወቁ ልጆቹን የእኔን ሥራ አስሰሏቸው። ከነጭነቱ 10 ቶን የሚመዝን መኪና ከደሴ ኮምቦልቻ ሲወርድ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ያ መውረድ የሚለቀው ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ አንድ በርሜል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። አላመንኩም። በወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማረው የወንድሜ ልጅ እንደገና አስልቶ ልክ ነው አለኝ። በእርግጥ ጎማው፣ ነፋሱና ሞተሩ ይካፈሉታል። በቀላል ማርሽ እየተንደረደረ ለሚወርድ ሰው ግን አብዛኛው የሚያርፈው ፍሬኑ ላይ ነው። የድሮ ሹፌሮች "በወጣህበት ማርሽ ውረድ" ብለው ሲያስተምሩን እንደ ወግ እንጂ እንደ ሒሳብ አልሰማሁትም ነበር። አሁን አዲስ ረዳት ስይዝ የፍሬን ሸራውን ሳይሆን በርሜሉን ነው የምነግረው።

የእትዬ ትልቁ ችሎታ የሚመስለኝ ግን ቋንቋው ላይ ነው። በአማርኛ "ኃይል" የምንላት አንዲት ቃል በፊዚክስ ሦስት ለየት ያሉ ነገሮችን ስለምትሸከም ልጆቹ ይደናገራሉ። እሳቸው በመኪና ይለዩላቸዋል፦ ጎማው መንገዱን የሚገፋበት አንድ ነገር ነው፤ ጭነቱን ደሴ ለማድረስ በጠቅላላ የሚፈጀው ሌላ ነው፤ ያንን በስንት ደቂቃ እንደሚጨርሰው ደግሞ ሦስተኛ ነው። የእንግሊዝኛው ስም የሚጻፈው ነገሩ ከገባቸው በኋላ ነው። ልጄ አሁን ትርጉሙን ስጠይቃት እንግሊዝኛውን ታስቀድማለች፤ ግን ከኋላው የሚናገረው አላት።

ቤታችንም ተጠቅሟል። የኤሌክትሪክ ምጣዳችን 3,500 ዋት ነው። ልጄ በ220 ቮልት ስታካፍለው ወደ 16 አምፔር ሆነ። ከዚያ ሄዳ የሶኬቱን ሽቦ ብታየው ለመብራት የሚዘረጋው ቀጭኑ ሽቦ ነው፤ ምጣዱ ሲሠራ ግድግዳው ይሞቅ የነበረው ለካ በዚህ ነው። በራሷ እንዳትነካው እትዬ አስጠንቅቀዋት ስለነበር ባለሙያ ጠራን፤ ወፍራም ሽቦ ከራሱ የመብራት ማቋረጫ (ብሬከር) ጋር ዘረጋልን። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ካውያ መሰካት በቤታችን ክልክል ሆኗል።

ጉድለትም አለ፣ አልደብቅም። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ በክረምት ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ድምፅ አያሰማም። እትዬ የዘገየ ልጅ አያስገቡም፤ የእኔን ልጅ ሁለት ጊዜ መልሰዋታል፣ ሁለቱም ጊዜ ጥፋቱ የእኔ ነበር። ጥያቄና መልስ አስሸምድደው ለብሔራዊ ፈተና የሚያዘጋጅ ሰው የምትፈልጉ ከሆነ እሳቸው ጋ አትሂዱ። የልጄ የፊዚክስ ውጤት በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ያን ያህል አልጨመረም፤ የጨመረው በሁለተኛው ነው።

የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ከዚያ በፊትም ከተማዋ ፋብሪካ አላጣችም። ልጆቻችን የፋብሪካ አጥር ጥግ አድገው አንድ ሞተር ተከፍቶ ሳያዩ ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ። እትዬ ያን በር በቆርቆሮ ክፍል ከፈቱት። አላህ ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥልን።

ልጁን ማስመዝገብ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛለሁ። በአንድ ዙር ከአሥራ ሁለት ልጅ በላይ አይቀበሉም፤ ክፍያው ለመክፈል የማይከብድ ነው፣ ለማይችልም መላ አላቸው። ልጁ የተዘጋ ጫማ አድርጎ፣ ደብተርና ማስመሪያ ይዞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ይድረስ። ቤታችሁ የተቃጠለ ካውያ፣ ማራገቢያ ወይም ራዲዮ ካለ አትጣሉት፤ በእኔ መኪና ላኩላቸው፣ ሁልጊዜ ማክሰኞና ዓርብ ከኮምቦልቻ እወጣለሁ።