ለጅማ ቀይ አፈር ምን ይገዛ? ኖራ፣ አመድ፣ የቡና ገለባ ወይስ የትል ኮምፖስት

የጅማ ጓሮ አፈር በአብዛኛው ቀይና አሲዳማ ነው። ዝናቡ ካልሲየሙን አጥቦ ይወስዳል፤ የሚቀረው ብረትና አሉሚኒየም ደግሞ ፎስፈረሱን አስሮ ይይዛል። ጎመኑ ሲቀጭጭ እበት ላይ እበት መጨመር ብቻ የማይበቃው ለዚህ ነው።

አሲዱን በትክክል የሚያበርደው የእርሻ ኖራ፣ ማለትም ሳይቃጠል የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 300 ግራም በትኖ፣ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ከአፈሩ ጋር መቀላቀል ነው፤ ከተከላ ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ። ለግንባታ የሚሸጠውን የተቃጠለ ኖራ ግን አይግዙ፤ ቆዳም ሥርም ያቃጥላል። የምድጃ አመድም አሲድ ይቀንሳል፣ ፖታሲየምም ይሰጣል፤ ለዚያውም በነጻ። በዓመት አንዴ በካሬ ሜትር 100 ግራም ይበቃል። ዝናብ ከነካው ፖታሲየሙ ታጥቦ ይሄዳልና በደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ከትኩስ እበት ጋር ከተቀላቀለ ናይትሮጅኑ በአሞኒያ መልክ ይተናል። ድንች መደብ ላይም አይደረግ፤ የልጣጭ እከክ ያባብሳል።

ጅማ ላይ ከሁሉ የሚያዋጣው የቡና ገለባ ይመስለናል። ከመፈልፈያው ቅርብ ነው፣ ፖታሲየሙም ብዙ ነው። ጥሬውን አፈር ውስጥ መቅበር ግን ጉዳት አለው፦ የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን የአፈሩን ናይትሮጅን ስለሚሻሙ ተክሉ ቢጫ ይሆናል፤ በውስጡ ያለው ካፌይንና ታኒንም ቡቃያ ያቀጭጫል። ስለዚህ 3 ጆንያ ገለባ፣ 1 ጆንያ እበት፣ 1 ጆንያ የማዕድ ቤት ልጣጭና የቡና አተላ እያፈራረቁ 1 ሜትር ከፍታ ይከምሩ። ሥጋና ዘይት አይግባ፤ አይጥ ይጠራል። እርጥበቱ በእጅ ሲጨመቅ ጠብ ጠብ ከማለት አይለፍ። በክረምት በሙዝ ወይም በእንሰት ቅጠል ይሸፈን፤ ውኃ ከጠገበ አየር ያጣና ይገማል፣ ያኔ ደረቅ ገለባ ጨምሮ መገልበጥ ነው። በየሦስት ሳምንቱ እየተገለበጠ በ3 ወይም 4 ወር ይደርሳል። በካሬ ሜትር ከ3 እስከ 5 ኪሎ ይጠቀሙ።

የትል ኮምፖስት፣ ማለትም ትሎች በልተው ያብላሉት ብስባሽ፣ በኪሎ ከእነዚህ ሁሉ ውድ ነው። ለሰፊ መደብ ገንዘብ ማባከን ሲሆን ለችግኝ ግን እጅግ ይረዳል፦ 1 እጅ ከ3 እጅ አፈር ጋር፣ ወይም በየጉድጓዱ አንድ ጭብጥ። ከመግዛትዎ በፊት ያሽቱት። የአሞኒያ ሽታ ካለው ወይም ልጣጩ ገና ከታየ አልደረሰም።

በጀቱ ጠባብ ከሆነና የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 በታች ከተገኘ መጀመሪያ ኖራ፣ ቀጥሎ ገለባ ይግዙ። የትል ኮምፖስቱ ከተረፈ ገንዘብ፣ ለችግኝ መደቡ ያህል ብቻ ይሁን።