የአውቶማቲክ ካምቢዮ ኒውትራል ስዊች፦ ኦርጅናል፣ ኮፒ ወይስ ያገለገለ?

ቁልፍ ስታዞሩ ዳሽቦርዱ በርቶ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ዝም ካለ፣ ማርሹን ከፒ (ፓርክ) ወደ ኤን (ኒውትራል) ስታመጡት ግን መኪናው ከተነሳ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኒውትራል ስዊቹ ነው። ኢንሂቢተር የሚሉት መካኒኮችም አሉ። ሥራው ማርሹ ፒ ወይም ኤን ላይ ካልሆነ ሞተሪኖው እንዳይዞር መከልከል ነው፤ በብዙ መኪኖች የኋላ ማርሽ መብራትም የሚበራው በእሱ በኩል ነው። መብራቱም አብሮ ከጠፋ፣ ወይም በኮምፒውተር ሲመረመር ፒ0705 የሚል ኮድ ከወጣ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ባትሪውና ተርሚናሉ ሳይታዩ ግን ዕቃ አትግዙ። በቁልፍ ሳይሆን በመጫን በሚነሱ መኪኖች ደግሞ የፍሬን መብራት ስዊች ሲበላሽም መኪናው አልነሳም ይላል።

በኤን ተነስቶ በፒ እምቢ የሚል መኪና አንዳንዴ አዲስ ዕቃ አይፈልግም። ስዊቹ ከቦታው ተንሸራቶ ወይም የማርሽ ኬብሉ ረግቦ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ እንዲስተካከል ጠይቁ። ወጪው የእጅ ዋጋ ብቻ ነው።

መቀየሩ የግድ ከሆነ የእኔ ምርጫ አዲስ ኦርጅናል ነው። ዋጋው ከሁሉም ይበልጣል፤ ለአካባቢያችን መንገድ ግን ይገባዋል የምለው በምክንያት ነው። ካምቢዮው በኮምፒውተር በሚታዘዝ በብዙ መኪና ውስጥ ሹፌሩ ዝቅተኛውን ማርሽ፣ 2 ወይም ኤል፣ ማስገባቱ የሚታወቀው በዚሁ ስዊች ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም በሐረጎ በኩል ብዙ ይወርዳል። እዚያ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝ ብላችሁ ማርሽ ስትቀንሱ ስዊቹ ምልክቱን ካላስተላለፈ ካምቢዮው በከፍተኛው ማርሽ ይቀጥላል፤ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል፣ ፍሬኑም ይግላል። ስዊች የሞተሪኖ ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ ርካሹን ማንሳት የማይገባው ለዚህ ነው።

አዲስ ኮፒ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ስም ያለው አምራች የሠራው፣ ማሸጊያው ላይ ቁጥሩ በግልጽ የተጻፈ፣ ሶኬቱ ሳይገፋ ልክ የሚገባ ከሆነ ዋጋው ይስባል፤ ብዙ ጊዜ ከተማ ውስጥ ለሚነዳ መኪናም ይሆናል። ችግሩ ውስጡ አለመታየቱ ነው። መዳቡ ስስ ከሆነ ጥቂት ቆይቶ ምልክቱን መቆራረጥ ይጀምራል፤ ካምቢዮውም ግራ ተጋብቶ በአንድ ማርሽ ላይ ሊቀር ይችላል። ስም የሌለውን ኮፒ ግን ተዉት።

ያገለገለ ኦርጅናል የሚገዛ ሰው ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይዞ ይሂድ። ዕቃው መሐሉ የተበሳ ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ በቀዳዳው የካምቢዮው ዘንግ ይገባል። ያንን መሐል በካቻቪቴ ቀስ እያላችሁ አዙሩትና የሞተሪኖውን ሁለት ፒኖች ለኩ። በፒና በኤን ብቻ መገናኘት አለባቸው፤ ንባቡ ከዘለለ ወይም በሌላ ማርሽም ከተገናኙ መልሱለት። ፒኖቹ አረንጓዴ ዝገት ከያዙ ውሃ ገብቶበታል። ያገለገለውን የምመርጠው አዲሱ ፈጽሞ ለማይገኝለት ሞዴል ብቻ ነው፤ የእናንተን ያበላሸው ዕድሜ እሱንም በልቶታልና። የራስን አሮጌ ፈትቶ ማጽዳትም አለ፤ ዕቃው እስኪመጣ ያቆያል እንጂ አያዛልቅም።

ሽቦውን ቀጥታ አገናኝቶ ስዊቹን መዝለል ግን ከምርጫው ውስጥ አይገባም። እንዲህ የተደረገ መኪና ማርሹ ዲ ወይም አር ላይ እያለ ይነሳል። ደሴ ዳገት ላይ የቆመ መኪና፣ ከፊቱ ልጆች እያለፉ፣ ቁልፉ ሲዞር ድንገት ወደፊት ሲዘል አስቡት። መካኒኩ «በርካሽ ልጨርስልህ» ቢል እንኳ እሺ አትበሉ።

ሱቅ ስትሄዱ የመኪናውን ስም ብቻ አትንገሩ። ተመሳሳይ ቶዮታ ቪትዝ ሁለት ዓይነት ካምቢዮ ሊኖረው ይችላል። አሮጌውን አስፈትታችሁ ያዙ፣ የፒኖቹን ብዛት ቁጠሩ፣ ላዩ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። በቶዮታ ይህ ዕቃ ቁጥሩ በ84540 ይጀምራል። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የመጣ ዕቃ ሳይገጥም ሲቀር የመልሱ ጣጣ ብዙ ነው፤ የኤሌክትሪክ ዕቃ አንዴ ከተገጠመ የማይመልሱ ሱቆችም አሉ።

ሲገጠም ማርሹ ኤን ላይ ይሁን። በብዙ ቶዮታ ስዊቹ ላይ ያለው መስመር ከመሐሉ ጎድጎድ ጋር ሲገጥም ነው ቡሎኖቹ የሚጠብቁት፤ በብዙ ኒሳን ደግሞ 4 ሚሊ ሜትር ፒን በቀዳዳው ገብቶ ልኩን ይይዛል። ከዚያ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ የእግር ፍሬኑን ርገጡና በእያንዳንዱ ማርሽ ለማስነሳት ሞክሩ። መነሳት ያለበት በፒና በኤን ብቻ፣ የኋላው መብራትም መብራት ያለበት በአር ብቻ ነው። የእጅ ዋጋውን ይህን ካያችሁ በኋላ ክፈሉ።