ጋርድነሪ ወይስ ጉንተሪ? የኪሊፊሽ እንቁላል ለመግዛት ላሰበ ጀማሪ የቀረበ ንጽጽር

ኪሊፊሽ የተባሉትን የገንዳ ዓሦች እንቁላል በፖስታ አስልኮ በቤቱ ማስፈልፈል የሚፈልግ ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ ምርጫው በሁለት ዓሦች መካከል ይሆናል፤ በናይጄሪያና በካሜሩን ጅረቶች በሚኖረው ጋርድነሪና በዛንዚባሩ ጉንተሪ መካከል። ሁለቱም ትናንሽና ወንዶቻቸው በቀለም ያሸበረቁ ዓሦች ናቸው። በመልካቸው ብቻ አወዳድሮ መግዛት ግን ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም የሁለቱ እንቁላል የሚጠይቀው አያያዝ ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ጉንተሪ የሚገኘው በዝናብ ወራት ሞልተው በበጋ በሚደርቁ ኩሬዎች ነው። ውኃው ሲያልቅ ዓሣው ይሞታል፤ በጭቃው ውስጥ የቀበረው እንቁላል ግን ቀጣዩን ዝናብ ይጠብቃል። በዚህ የተነሣ እንቁላሉ ለገዢ የሚደርሰው ፒት በተባለ፣ ከረግረግ በሚወጣ እርጥብ ቡናማ የዕፅዋት ብስባሽ ውስጥ ሆኖ፣ በላስቲክ ከረጢት ታሽጎ ነው። በ24 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ከ3 እስከ 4 ወር ከቆየ በኋላ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ የሆነ ቀዝቃዛ ውኃ ሲፈስበት፣ የመጀመሪያዎቹ ጫጩቶች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይታያሉ። የጋርድነሪ እንቁላል በአንጻሩ ውኃ ውስጥ እንደተቀመጠ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ይፈለፈላል።

እኔ ለጀማሪ የምመክረው ጋርድነሪን ነው፤ ዋናው ምክንያቴም እያንዳንዱ እንቁላል በዓይን የሚታይ መሆኑ ነው። ከአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጠውን እንቁላል በጠፍጣፋ ዕቃ አድርገው በማጉያ መነጽር ቢመለከቱት፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደ ብርጭቆ ጠርቶ ያገኙታል፤ ቀጥሎ ጽንሱ አስኳሉን እንደ ክር ተጠምጥሞበት ይታያል፤ ሊፈለፈል ሲቃረብ ደግሞ ሁለት ጥቋቁር ዓይኖች፣ በዙሪያቸው ወርቃማ ቀለበት ይዘው፣ በቅርፊቱ ውስጥ ሲገላበጡ ይለያሉ። የሞተው እንቁላል ነጭ ስለሚሆን፣ ሻጋታው ወደ ጤነኞቹ ሳይዛመት በጠብታ መሳቢያ አንሥቶ መጣል ይቻላል፤ ውኃውን ሜቲሊን ብሉ በተባለ ማቅለሚያ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ማድረግም ሻጋታውን ይገታል።

የጉንተሪ እንቁላል ግን በፒቱ መካከል ተሰውሮ ስለሚቆይ፣ ጀማሪው የሚተማመነው በከረጢቱ ላይ በተጻፈው ቀን ነው። የመጀመሪያ ከረጢቴን ቀኑ ሳይደርስ 3 ሳምንት ቀድሜ ውኃ አፈሰስኩበት። በማግስቱ ጫጩቶች ተፈልፍለው ባገኝም፣ አብዛኞቹ የአየር ከረጢታቸው ስላልተነፋ መዋኘት አቅቷቸው በዕቃው ወለል ላይ በሆዳቸው ይንፏቀቁ ነበር፤ ከእነዚህ አንዱንም ማትረፍ አልቻልኩም። ስለዚህ ጉንተሪን የሚገዛ ሰው እንቁላሉ የተሰበሰበበትን ቀን ብቻ ሳይሆን ሻጩ በስንት ዲግሪ እንዳስቀመጠውም አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ሙቀቱ ከፍ ባለ ቁጥር የቆይታው ጊዜ ያጥራልና።

ጉንተሪ የሚበልጥበት ነገር ግን አለ። የመፈልፈያው ቀን በአብዛኛው በገዢው እጅ ስለሆነ፣ ጉዞ ያለበት ወይም ገንዳው ገና ያልተዘጋጀለት ሰው ከረጢቱን ለተወሰነ ጊዜ ሊያቆየው ይችላል፤ ጫጩቶቹም በአብዛኛው በአንድ ቀን ስለሚወጡ በመጠን ይመጣጠናሉ። የጋርድነሪ ጫጩቶች በበርካታ ቀናት ልዩነት ስለሚፈለፈሉ ታላላቆቹ የታናናሾቹን ምግብ ይሻማሉ፤ በሁለት ዕቃ መለየትም ግድ ይሆናል። ዕድሜን በተመለከተ ጉንተሪ አንድ ዓመት ያህል ሲቆይ፣ ጋርድነሪ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራል።

በምግብ ረገድ ብዙ ልዩነት የለም። የሁለቱም ጫጩቶች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ (በጨዋማ ውኃ የሚኖር ደቃቅ ሽሪምፕ መሰል እንስሳ) ይበላሉ፤ አርቴሚያው ራሱ በ1 ሊትር ውኃ 30 ግራም ያህል ጨው ተጨምሮበት፣ በአየር ፓምፕ እየተናወጠ፣ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ስለሚወስድበት፣ የጉንተሪን ፒት ከማራስዎ አንድ ቀን አስቀድመው ይጀምሩት። የጋርድነሪን ከሆነ ወርቃማው ቀለበት በታየበት ዕለት ይጀምሩ።

ጉንተሪን የመረጠ ሰው ጫጩቶቹን ካወጣ በኋላ ፒቱን አይጣለው። ከእንቁላሎቹ ከፊሎቹ ዕድገታቸውን ገትተው ስለሚቆዩ፣ ፒቱን ጨምቆ፣ ሲዳስሱት ርጥበቱ የሚታወቅ ነገር ግን ውኃ የማያንጠባጥብ እስኪሆን ካጠፈፈ በኋላ መልሶ ከረጢት ውስጥ ያሽገው፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደገና ሲያርሰው ሌሎች ጫጩቶች ሊያገኝ ይችላል።