ጢጥ ጢጥ የሚለው የቬንትሌተር መቆጣጠሪያ

ይሄን የምጽፈው በስልክ የሚታዘዝ የኮርኒስ ቬንትሌተር መቆጣጠሪያ ለመግዛት ላሰባችሁ ነው፤ በተለይ ቤታችሁ ሕፃን ካለ። ዕቃው ጥሩ ነው። ድምፁ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነስቶናል።

ጅማ እንደ ጋምቤላ አታቃጥልም፤ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች። ግን የካቲትና መጋቢት ላይ ቆርቆሮው ቀኑን ሙሉ ሲግል ውሎ ማታ ሙቀቱን ቤት ውስጥ ይለቀዋል፣ ወበቁ ይጨመርበታል፣ የሰባት ወር ልጃችን ደግሞ ላብ ካጠመቃት አትተኛም። ቬንትሌተሩ ቀድሞም ነበረን። ችግሩ ማዞሪያው በሩ አጠገብ ግድግዳ ላይ ነው። ፍጥነቱን ልቀንስ በተነሳሁ ቁጥር እሷም አብራኝ ትነሳለች። ስለዚህ ከመርካቶ፣ ከአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ፣ 3,800 ብር ከፍለን መቆጣጠሪያውን ገዛን።

ትንሽ ሳጥን ነው፤ ኮርኒሱ ሥር ቬንትሌተሩ የሚንጠለጠልበት ክዳን ውስጥ ይደበቃል። ከሪሞት ጋር ነው የሚመጣው። ዋይፋዩ 2.4 ጊጋኸርዝ መሆን አለበት፣ ከዚያ በኋላ ስልክ ላይ መጫን ቀላል ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ የድሮውን የግድግዳ ማዞሪያ በተራ ማብሪያ ማጥፊያ ቀይሩት። ሁለቱ አንድ መስመር ላይ ከቀሩ ሞተሩ እምምም ማለት ይጀምራል፣ ሳጥኑም ሊበላሽ ይችላል።

አሁን ወደ ድምፁ። እያንዳንዱ ትእዛዝ ጢጥ ያሰኘዋል። ከሦስት ወደ አንድ ለማውረድ ሁለት ጊዜ ጢጥ። ይሄን እንኳ እንደምንም እንችለው ነበር። የባሰው መብራት ሲጠፋ ነው፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራቱ ሲመለስ ሦስት ጊዜ አከታትሎ ይጮኻል፣ ልጅቷ ብድግ ትላለች፣ ከዚያ በኋላ እስኪነጋ እሹሩሩ ነው። እንዲህ ዓይነት ድምፅ ሰጪዎች ብዙ ጊዜ የሚጮኹት ከ2,000 እስከ 4,000 ኸርዝ ባለው መሀል ነው። የሰው ጆሮ አጥርቶ የሚሰማው ደግሞ እዚያው አካባቢ ያለውን ድምፅ ነው። ትንሽ ሆኖ እንደዚያ የሚያባንነው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ መተግበሪያውን ፈተሽኩ። አንዳንዶቹ ቅንብር ውስጥ ድምፁን ማጥፊያ አላቸው፤ የእኛው የለውም። አንዳንድ ሪሞት ላይ ደግሞ አንዱን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ይበቃል ሲባል ሰምቼ ሁሉንም በየተራ ይዤ ሞከርኩ። ምንም። ሱቁ ስመለስ ልጁ «እህቴ፣ ድምፁ እኮ መሥራቱን እንድታውቂ ነው» አለኝ። መሥራቱንማ ሲዞር አየዋለሁ! ለመኝታ ቤት የሚሸጥ ዕቃ ድምፁ የማይጠፋ ሆኖ መሠራቱ ያናድደኛል፤ የሠራው ሰው ልጅ አስተኝቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

መጨረሻ ላይ ጎረቤታችን የሆነ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ መጣልን። ብሬከሩን ከቆጣሪው አጠፋ፣ ቡና እስክናፈላ ጠበቀ (ካፓሲተሩ መብራት ከጠፋም በኋላ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል፣ ቸኩላችሁ እንዳትነኩት)፣ ከዚያ በካቻቢቴ ፈታው። ድምፁ የሚወጣው አናቷ ላይ ቀዳዳ ካላት ጥቁር ክብ ነገር ነው፤ ከጠርሙስ ቆርኪ ታንሳለች። ቀዳዳዋን በናስትሮ ሸፈነው። ድምፁ በግማሽ ቀነሰ። ቀን ላይ ደስ አለን፣ ሌሊት ግን ያው ሆነ። በሁለተኛው ቀን ተመልሶ በካውያ ነቅሎ አወጣት። አለቀ! ቬንትሌተሩ እንደ በፊቱ ይሠራል፣ ስልኩም ሪሞቱም ይታዘዛሉ፣ ጢጥ የለም።

ይሄን ለማድረግ ካሰባችሁ መጀመሪያ ሪሞቱንና ስልኩን አገናኙ፤ መገናኘታቸውን የሚያበስረው ያው ድምፅ ነውና። ሳጥኑን በጨርቅ ወይም በጥጥ ጠቅልሎ ማፈን ግን አይሞከርም፣ ሲሠራ ይሞቃል። ዋስትናውም እንደሚቀር እወቁ። የኤሌክትሪክ ሥራ የማያውቅ ሰው ደግሞ መሰላል ላይ ባይወጣ ይሻላል።

ገና ያልገዛችሁ ካላችሁ ሱቁ ውስጥ መብራት ላይ አሰክታችሁ አዳምጡት። አጥፍተው እንዲያበሩትም ጠይቁ፣ የሌሊቱ ጩኸት ያኔ ነው የሚሰማችሁ። ድምፁን ማጥፊያ ያለው ከተገኘ ጥቂት መቶ ብር ቢጨምርም እሱን ውሰዱ። እኔ ለዕቃው ከአምስት ሦስት እሰጠዋለሁ፤ ያለ ድምፅ ቢመጣ አምስት ነበር። የተነቀለችውን ነገር በላስቲክ ጠቅልዬ ካርቶኑ ውስጥ አስቀምጫታለሁ፤ ልጅቷ አድጋ ድምፁን የሚፈልገው ሰው ከመጣ ትመለስለታለች።