የኦሪዮን ኔቡላን ከድሬዳዋ ወይስ ከሐረር?

ከዋክብት የሚወለዱበትን የጋዝና የአቧራ ደመና፣ የኦሪዮን ኔቡላን፣ በትንሽ ቴሌስኮፕ ፎቶ ለማንሳት ታኅሣሥን የሚያህል ወር የለም። እኩለ ሌሊት አካባቢ ከአናታችን ብዙም ሳይርቅ ያልፋል። ግን ከየት ይነሳ?

ዋናው ልዩነት ሙቀት ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ ሐረር 1,880 አካባቢ። የካሜራ ሴንሰር (ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) ሲሞቅ ፎቶው ላይ ነጠብጣብ ይበዛል፤ ያ ነጠብጣብ ደግሞ የሃይድሮጂኑን ደብዛዛ ቀይ ብርሃን፣ ማለትም ሌሊቱን ሙሉ የምንለፋለትን ነገር ራሱን፣ ይውጠዋል። የሐረር ብርድ እዚህ ላይ ትልቅ ውለታ ይውላል። ጋቢ እንዳትረሱ።

ድሬ የምትበልጠው በሰሜን አድማሷ ነው። የቴሌስኮፑን ሞተር ከምድር ዙረት ጋር ለማስተካከል የሰሜን ኮከብ ያስፈልጋል፣ በእኛ አካባቢ ግን ከአድማስ 9 ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ነው ከፍ የሚለው። የድሬ ተራራ በደቡብ ነው፣ ሰሜኑ ገላጣ ሜዳ። ሐረር ላይ ጉብታ ወይም ቤት በቀላሉ ይጋርደዋል።

የከተማ መብራት ሁለቱም ጋር ያስቸግራል፤ ወጣ ማለት ግድ ነው።

እኔ ሐረርን እመርጣለሁ። ባለ 30 ሰከንድ ፎቶዎችን በብዛት አንስታችሁ በኮምፒውተር አንዱን በአንዱ ላይ ደራርቡ። መሃሉን ግን በ5 ሰከንድ ለብቻ አንሱት፤ ትራፔዚየም የሚባሉት ወጣት ኮከቦች በጣም ስለሚያበሩ አለዚያ ነጭ ሆኖ ይቀራል።