ስኖው ኋይት በኒው ዮርክ ጎዳናዎች

የግሪም ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1812 ባሳተሙት የተረት ስብስብ የምናውቃት ስኖው ኋይት፣ ማት ፌላን በ2016 ለታዳጊዎች ባቀረበው የሥዕል ልቦለድ ውስጥ ከጫካው ወጥታ፣ የአክሲዮን ገበያው በ1929 በተንኮታኮተባት ኒው ዮርክ ትገኛለች። አባቷ የዎል ስትሪት ባለሀብት፣ እንጀራ እናቷ የመድረክ ኮከብ፣ ሰባቱ ድንኮች ደግሞ ጎዳና ላይ የሚያድሩ ወንዶች ልጆች ሆነዋል።

ከለውጦቹ ሁሉ እጅግ የማደንቀው የመስታወቱን ነው። የእንጀራ እናቲቱን ቅናት የሚቀሰቅሰው የሚናገር መስታወት ሳይሆን የአክሲዮን ዋጋ በቀጭን ወረቀት ላይ የሚያትም መሣሪያ ነው፤ ምኞቷ ከውበት ወደ ሀብት በመዞሩም፣ በጥንቱ ተረት ምክንያት የለሽ የሚመስለው ጭካኔ ከዘመኑ ስግብግብነት ጋር ተሳስሮ ይበልጥ ያስፈራል።

ሥዕሎቹ በአብዛኛው በጥቁር፣ በነጭና በግራጫ የውሃ ቀለም የተሠሩ ሲሆኑ፣ ቀይ ቀለም እንደ ደምና ፖም ባሉ ጥቂት ቦታዎች ብቻ ብቅ ስለሚል ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። ብዙ ገጾች ቃል የላቸውም፤ የልጅቷ ፍርሃትም ሆነ ስማቸውን ለመናገር የሚያመነቱት ልጆች ጥርጣሬ የሚነበበው ከፊታቸው ነው። ስለዚህ ልጆች ገጾቹን ቶሎ ቶሎ ከመግለጥ ይልቅ ረጋ ብለው እንዲያዩ ማበረታታት ይገባል።

የልዑሉን ቦታ የያዘው መርማሪ ፖሊስ ግን መጨረሻው ላይ በችኮላ የገባ ስለሚመስል፣ ወንዶቹ ልጆች ያገኙትን ያህል ቦታ ሊሰጠው ይገባ ነበር። መጽሐፉ ሞትንና መመረዝን ስለሚያሳይ ከ10 ዓመት በላይ ለሆኑ ልጆች እመርጠዋለሁ፤ ስለ ኢኮኖሚው ውድቀትም ወላጅ ወይም መምህር አስቀድሞ ጥቂት ቢያስረዳቸው ታሪኩን በቀላሉ ይከተሉታል።