ማስጠንቀቂያ፦ ያገለገለ የመገናኛ ሬዲዮ በኦንላይን ጨረታ ለመግዛት ላሰባችሁ

«ሞቶሮላ ሬዲዮ፣ 8 ፍሬ፣ ይበራል፣ ፕሮግራም ብቻ ነው የሚፈልገው» የሚል የጨረታ ማስታወቂያ ስታዩ ዋጋ ከመስጠታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ዋጋው የወረደው ሻጩ የዕቃውን ጥቅም ስላላወቀ ነው ብለው የሚጓጉ ብዙ ናቸው። እንዲህ ያሉትን በብዛት የሚያወጡት ግን ከፖሊስ፣ ከፋብሪካና ከትራንስፖርት ድርጅቶች ከአገልግሎት የወጣ ንብረት በጅምላ የሚገዙ ነጋዴዎች ናቸው። ደህና ደህናውን መርጠው፣ ፈትሸው፣ አንድ በአንድ በጥሩ ዋጋ ይሸጡታል። «እንዳለ» ተብሎ በጅምላ የሚወጣው ከዚያ የተረፈው ነው።

«ይበራል» ማለት ባትሪ ተገጥሞ መብራቱ በራ፣ «ጢጥ» አለ ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ ምንም አይነግራችሁም። ፓወር አምፕሊፋየሩ (የማሰራጫ ኃይሉን የሚሰጠው ክፍል) የተቃጠለ ሬዲዮም ይበራል፤ አጥርቶ ይቀበላል፤ የመናገሪያ ቁልፉን ስትጫኑት ቀይ መብራቱ ሳይቀር ይበራል። የጠፋው ከአንቴናው መውጣት የነበረበት ኃይል ነው። ሻጩ ሁለት ሬዲዮ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ሃሎ ሃሎ» ሲል ቪዲዮ ቀርጾ ቢልክላችሁም ማስረጃ አይሆንም፤ በዚያ ርቀት ጥቂት ሚሊዋት ብቻ የሚያፈስ የተበላሸ ሬዲዮም ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ማስረጃ የሚሆነው በ50 ኦም ደሚ ሎድ (በአንቴና ፋንታ የሚገጠም መፈተሻ) እና በዋት ሜትር የተለካ ቁጥር ነው። ለሥራ የተሠራ የእጅ ሬዲዮ ባትሪው ሙሉ ሆኖ በከፍተኛው ኃይል በቪኤችኤፍ (ዝቅ ባለው የፍሪኩዌንሲ ክልል) 5 ዋት፣ በዩኤችኤፍ (ከፍ ባለው) 4 ዋት አካባቢ መስጠት አለበት። «መለኪያ የለኝም» የሚል ሻጭ ሐቀኛ ሊሆን ይችላል፤ ዋጋው ግን ያልተፈተሸ ዕቃ ዋጋ መሆን አለበት።

ከዚያ ቀጥሎ ገንዘብ የሚያስበላው ባንዱ፣ ማለት ሬዲዮው የሚሠራበት የፍሪኩዌንሲ ክልል ነው። ስሙና መልኩ ፈጽሞ አንድ የሆነ ሬዲዮ በተለያየ የፍሪኩዌንሲ ክልል ተሠርቶ ይወጣል፦ አንዱ ከ136 እስከ 174 ሜጋኸርዝ (ቪኤችኤፍ)፣ ሌላው ከ403 እስከ 470፣ ሌላው ከ450 በላይ (ሁለቱም ዩኤችኤፍ)። ይህ በፕሮግራም (ቻናሎቹን በኮምፒውተር በመጻፍ) አይቀየርም፤ ውስጡ ያለው ሰርኪዩት ራሱ የተለያየ ነው። በሞቶሮላ ሬዲዮኖች ባትሪው ሲነሣ ከሚታየው ሌብል ላይ የሞዴል ቁጥሩን ፈልጉ። ኤች ካለ የእጅ፣ ኤም ካለ የመኪና ነው፤ ከፊደሉ ቀጥሎ አሃዞች፣ ከአሃዞቹ ቀጥሎ ደግሞ አንድ ፊደል አለ። ባንዱን የሚነግራችሁ ይህ ከአሃዞቹ ቀጥሎ ያለው ፊደል ነው። በጂፒ328 ላይ ኬ ከ136 እስከ 174፣ አር ከ403 እስከ 470 ነው። በኤክስፒአር 6550 ላይ ግን ጄ ቪኤችኤፍ፣ ኪው ዩኤችኤፍ ሆኗል። ፊደሎቹ በየትውልዱ ስለሚለዋወጡ ሁልጊዜ ከዚያው ሞዴል መግለጫ ጋር አስተያዩ። አንቴናውን አይቶ ባንድ መገመት ሞኝነት ነው፤ በጅምላ በሚሸጥ ዕቃ ላይ የአንዱ አንቴና በሌላው ላይ ተጠምዝዞ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ ያለ ባንዱ በተገጠመ አንቴና ማሰራጨት ደግሞ ርቀቱን ከመግደሉም በላይ አምፕሊፋየሩን ሊጎዳ ይችላል። የሌብሉ ፎቶ ከሌለ እለፉት።

የ800 ሜጋኸርዝ ሬዲዮ ለብቻው ወጥመድ ነው። አብዛኛው የተሠራው ለትራንክ ሲስተም (ማዕከሉ ለብዙ ተጠቃሚዎች ቻናል እያደለ የሚያገናኝበት ኔትወርክ) ነው፤ የሲስተሙ ባለቤት ካልፈቀደና መለያ ቁጥር ካልሰጠው ወደ ሲስተሙ አይገባም። «ኔክስቴል ወኪቶኪ» እየተባሉ የሚወጡት የአይዴን ስልኮችም (በኔትወርክ በኩል እንደ ሬዲዮ ቁልፍ ተጭነው የሚነጋገሩባቸው) እንደዚሁ ናቸው። የሚያገለግሉበት የአሜሪካው የስፕሪንት ኔትወርክ እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2013 ተዘግቷል። እንደ አይ355 ያሉ ጥቂት ሞዴሎች ያለ ኔትወርክ እርስ በርስ ይነጋገራሉ፤ የቀሩት ቁልፋቸው ቢጫኑት የሚሰማ የለም።

ከአሜሪካ የሚወጣ አሮጌ ሬዲዮ ለምን እንዲህ እንደበዛ ማወቅም ይጠቅማል። የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2013 ጀምሮ ከ150 እስከ 174 እና ከ421 እስከ 470 ሜጋኸርዝ ያሉ የሥራ ሬዲዮ ተጠቃሚዎች ከ25 ኪሎኸርዝ ቻናል ወደ 12.5 ወይም ከዚያ ወደ ጠበበ እንዲወርዱ አስገደደ። በ25 ብቻ የሚሠራው ሁሉ ሥራ ፈታና ለጨረታ ተዳረገ። እንዲህ ያለውን ገዝታችሁ በ12.5 ከሚሠራ ሬዲዮ ጋር ብታገናኙት ድምፁ እዚያ ማዶ ተቆራርጦና ተጨማድዶ ይሰማል፤ ከዚያኛው የሚመጣው ደግሞ በዚህኛው ላይ ይደክማል። ምክንያቱ ሰፊው 5 ኪሎኸርዝ፣ ጠባቡ 2.5 ኪሎኸርዝ የድምፅ ስፋት ይዘው መሠራታቸው ነው። ድምፁን ከፍ ዝቅ በማድረግ አይስተካከልም።

አሁን «ፕሮግራም ብቻ ነው የሚፈልገው» ወደሚለው እንምጣ፤ ከሁሉም የከፋው ሐረግ ይህ ነው። ድርጅቶች ሬዲዮናቸውን በይለፍ ቃል ይቆልፋሉ። የተቆለፈ ሬዲዮ አይነበብም፣ አይጻፍበትም፤ ሲበራ የድሮውን ድርጅት ስም እያሳየ ይቀመጣል። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ይህ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ጠፋ ወይም ተሰረቀ ተብሎ ከማዕከሉ በአየር ላይ በተላከ ትእዛዝ የተዘጋ ነው፤ እሱን ለመክፈት የባለቤቱ ሲስተም ወይም የአምራቹ ወርክሾፕ ያስፈልጋል። በሞቶሮላ ኤምቲኤስ2000 እና ኤክስቲኤስ3000 ዓይነት ሬዲዮኖች ስክሪን ላይ «ፌይል» የሚል ቃልና ቁጥር ካያችሁ ጉዳዩ የፕሮግራም ብቻ ነው የሚለውን አትቀበሉ፤ «ፌይል 001» ለምሳሌ ሲንተሳይዘሩ (ፍሪኩዌንሲውን የሚፈጥረው ክፍል) ፍሪኩዌንሲውን መያዝ አልቻለም ማለት ነው፤ የውስጥ ዕቃ ብልሽትም ሊሆን ይችላል።

ባይቆለፍም ፕሮግራሙ ነጻ አይደለም። እንደ ጂፒ300 ያሉ አሮጌዎች የሚጻፉት በዶስ (ከዊንዶውስ በፊት በነበረው የኮምፒውተር ሥርዓት) በሚሠራ ሶፍትዌር፣ ሲሪያል ፖርት ባለው ዘገምተኛ ኮምፒውተርና በመካከል በሚገባ ሪብ ቦክስ በሚባል ሳጥን ነው። ፈጣን ኮምፒውተር ላይ የጊዜ ልኩ ይዛባል፤ መጻፉ መሐል ላይ ከተቋረጠ የሬዲዮው ማህደረ ትውስታ ይበላሻል። አዲሶቹ በዊንዶውስ ይሠራሉ፤ ግን ለየሞዴሉ የተለየ ኬብልና ሕጋዊ ሶፍትዌር ይጠይቃሉ። ከየትም የወረደ ሶፍትዌር ቫይረስ ተሸክሞ ከመምጣቱም ሌላ፣ ሥሪቱ ካልገጠመ ሬዲዮውን ድንጋይ አድርጎት ሊሄድ ይችላል።

ባትሪውን በተመለከተ አጭር ነው፦ ከአገልግሎት ከወጣ ሬዲዮ ጋር የመጣን ባትሪ ዜሮ ብላችሁ ቁጠሩት። ለሥራ የሚውል ባትሪ ሲመረመር ከተጻፈበት አቅም 80 በመቶ በታች ከወረደ መለወጥ አለበት ይባላል፤ ጡረታ የወጣው ያን ካለፈ ቆይቷል። ባትሪ ለብቻው በፖስታ ማስመጣትም ቀላል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከአፕሪል 2016 ጀምሮ ለብቻው የታሸገ ሊቲየም አዮን ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን እንደ ጭነት እንዳይሄድ ተከልክሏል። ብዙ ሻጭ «ባትሪ የለውም» የሚለው አንድም ለዚህ ነው፤ አንድም እናንተን ለጎደለው ሌላ ወጪ ማስገባት ነው።

እንግዲህ ሒሳቡ። ተፈትሾ፣ ሙሉ ዕቃው ተሟልቶ የሚሸጠው ያው ሞዴል፣ በያው ባንድ፣ 100 ያወጣል እንበል። ይህን ቁጥር የምታገኙት ሻጮች ከሚጠይቁት ሳይሆን የተሸጡ ዕቃዎች ብቻ ከሚታዩበት ማጣሪያ ነው፤ ለወራት ሳይሸጥ የተቀመጠ ዋጋ ምኞት እንጂ ዋጋ አይደለም። ጨረታ ላይ ያለው ባዶ አካል ነው። ባትሪ 25፣ ቻርጀር 15፣ አንቴና 6፣ ፕሮግራም 12፣ የቀበቶ መያዣና የወለቀ ቁልፍ 4 ብትሉ 62 ሆነ። እያንዳንዱ የሚሠራ አካል ሊያወጣ የሚችለው 38 ብቻ ነው ማለት ነው። ከስምንቱ ሁለቱ ሞተው ቢመጡ (ያልተፈተሸ ከሆነ ይህን መያዝ ጥንቃቄ ነው) ስድስቱ 228 ያወጣሉ። ማጓጓዣና ቀረጥ ለስምንቱም፣ ለሞቱትም ጭምር፣ 10 በራስ ሲከፈል 80 ይሄዳል። የቀረው 148 ለስምንት ሲካፈል 18 ከ50 ነው። ከዚያ በላይ የምትሰጡት እያንዳንዱ ሳንቲም ኪሳራ ነው።

ሰው ግን 30 «ርካሽ ነው» ብሎ ይሰጣል። 8 በ30፣ 240፤ ማጓጓዣና ቀረጥ 80፤ ለስድስቱ ማሟያ 372፤ ድምሩ 692። ለስድስት ሲካፈል አንዱ 115 ወጣበት። በ100 ዋስትና ያለው፣ የተፈተሸ፣ ሙሉ ዕቃ መግዛት ይቻል ነበር። ቁጥሮቹን በራሳችሁ ቦታ ዋጋ ተኩና ደግማችሁ ሥሩት፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይቀየርም። እንደ ባኦፌንግ ቢኤፍ-888ኤስ ያለ የአነስተኛ ዋጋ ሬዲዮ ከሆነ ደግሞ ሒሳቡን መጀመርም አያስፈልግም፤ አዲሱ ከአሮጌው ማሟያ ዕቃ ሊረክስ ይችላል።

ይህን ጣሪያ ካወጣችሁ በኋላ ጨረታው ላይ አንዴ ብቻ፣ ወደ ማብቂያው ላይ አስገቡት። እንደ ኢቤይ ባሉት ላይ የምታስገቡት ከፍተኛውን ነው፤ ሲስተሙ ከተከታያችሁ ጥቂት ከፍ አድርጎ ብቻ ይጫረትላችኋል። በጊዜ ገብቶ ደረጃ በደረጃ ከፍ ማድረግ ለእልኸኛ ተጫራች፣ ከዚያም ብሶ ለሻጩ ወዳጅ በር መክፈት ነው። የግብይት ታሪክ የሌለው፣ ከአንድ ሻጭ ዕቃ ላይ ብቻ ደጋግሞ የሚጫረትና የማያሸንፍ ስም ካያችሁ ውጡ። «ከድረ ገጹ ውጭ ብንጨርስ ልቀንስልህ» የሚል መልእክት ከመጣ መልስ አትስጡ፤ የገዢ ዋስትናው የሚሠራው በድረ ገጹ ለተከፈለ ብቻ ነው።

አስመስሎ የተሠራም አለ። የአይኮም አይሲ-ቪ82 ለምሳሌ ኩባንያው ማምረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2014 ነው፤ የባትሪውም ምርት ቆሟል። ዛሬ «አዲስ፣ ከነካርቶኑ» ተብሎ የሚሸጥ ቪ82 ካያችሁ የት እንደተሠራ ጠይቁ፤ ኩባንያው ለማረጋገጫ የሚለጥፈው ሆሎግራም መኖር አለመኖሩንም እዩ። ለነዳጅ ማደያ፣ ለማዕድን ወይም ለጋዝ ፋብሪካ ለምትገዙ ደግሞ ሌላ ነገር፦ ፍንዳታ እንዳይቀሰቅስ የተረጋገጠ ሬዲዮ፣ ካልተፈቀደለት ቦታ ከተከፈተ ወይም ተመሳሳይ ማረጋገጫ የሌለው ባትሪ ከተገጠመበት፣ ሌብሉ ቢኖርም ማረጋገጫው የለም። ታሪኩ ያልታወቀ ያገለገለ ሬዲዮ ለእንዲህ ያለ ቦታ በምንም ዋጋ አይገዛም።

ሲሪያል ቁጥሩ የተፋቀ ከሆነ የተሰረቀ ነው ብላችሁ ያዙት። የምትጠቀሙበት ፍሪኩዌንሲም ከአገራችሁ የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ ፈቃድ ይፈልግ እንደሆነ አስቀድማችሁ አጣሩ፤ በአውሮፓ ያለ ፈቃድ የሚሠራበት የ446 ሜጋኸርዝ ሬዲዮ ሌላ አገር የሌላ ሰው ቻናል ሊሆን ይችላል።

ለሻጩ ከመጫረታችሁ በፊት በድረ ገጹ መልእክት መላኪያ ይህን ላኩ፦ «ሰላም። የሁሉንም ሬዲዮ ሌብል ሞዴልና ሲሪያል ቁጥሩ እንዲታይ አድርገው ፎቶ ቢልኩልኝ። በይለፍ ቃል ተቆልፈዋል? በሶፍትዌር አንብበዋቸዋል? የማሰራጫ ኃይላቸው ስንት ዋት ተለካ? የማይሠሩት ስንት ናቸው?» መልሱ ድረ ገጹ ላይ በጽሑፍ ይቀራል፤ ዕቃው ከተባለው ውጭ ሆኖ ከመጣ ክርክራችሁ የሚቆመው በዚያ ነው። «አላውቅም» ካለ እንዳልተፈተሸ አስሉት፤ ዝም ካለ ተዉት።

ጥቅሉ ሲደርስ ከማሸጊያው ጀምሮ ሳታቋርጡ ቪዲዮ ቅረጹ፤ ሲሪያል ቁጥሮቹን ከፎቶው ጋር አስተያዩ፤ አንቴና ሳትገጥሙ የመናገሪያ ቁልፉን አትጫኑ። መጀመሪያ በሶፍትዌር አንብቡና የነበረውን አስቀምጡ፤ ከዚያ ዋቱን ለኩ፤ በመጨረሻ ሌላውን ሬዲዮ ይዞ አንድ ሰው ቢያንስ ጥቂት መቶ ሜትር ርቆ ይሞክራችሁ። በኢቤይ ከተባለው ውጭ ለመጣ ዕቃ የመክሰሻው ጊዜ ከደረሰ በኋላ 30 ቀን ነው፤ በሌሎች ጨረታዎች ሊያጥር ስለሚችል ፕሮግራም አድራጊ እስኪገኝ ብላችሁ አታስቀምጡት።